የተፈረመ ሁሉ ሐላል ነውን?

በሰሐራ በረሃ ጫፍ፣ ከአየር ተራሮች በስተ ምዕራብ፣ አርሊት የምትባል የኒጀር ከተማ አለች። ከ1969 በፊት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስፍራው ከተማ አልነበረም። የቱዋሬግ አርብቶ አደሮች ግመሎቻቸውንና ፍየሎቻቸውን እየነዱ የሚያልፉበት ምድር ነበር። ከተማዋን የቆረቆራት ከመሬት በታች የተገኘው ዩራኒየም ነው። ፈረንሳዮች የሚመሩት ሶማይር የተባለው ኩባንያ በ1971 ማምረት ጀመረ። በ1978 ደግሞ በአቅራቢያው ኮሚናክ የተባለ ሁለተኛ ኩባንያ ዋሻ እየማሰ ማዕድኑን ማውጣት ያዘ። በዚህኛው ከፈረንሳይ ሌላ የጃፓንና የስፔን ኩባንያዎችም ድርሻ ነበራቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቢጫው የዩራኒየም ዱቄት በበርሜል እየታሸገ፣ በጭነት መኪና ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ እየተጓዘ፣ በቤኒን ወደብ በኮቶኑ በኩል ወደ አውሮፓ ሲጋዝ ኖሯል።

ፈረንሳይ ከምታመነጨው የኤሌክትሪክ ኃይል ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የምታገኘው ከኑክሌር ማመንጫዎች ነው። ለእነዚህ ማመንጫዎች ለግማሽ ምዕተ ዓመት ዩራኒየም ካቀረቡት አገሮች አንዷ ኒጀር ነበረች። በኒጀር ግን ከአምስት ሰው አራቱ ያህል ማታ የሚያበራው የኤሌክትሪክ መብራት የለውም። የማዕድኑ ማሽኖች ራሳቸው ይንቀሳቀሱ የነበረው በዩራኒየም ሳይሆን አኑ አራሬን በተባለ ስፍራ በሚነድ የድንጋይ ከሰል ነው። ዋና ከተማዋ ኒያሜ አብዛኛውን መብራቷን ከናይጄሪያ በመሸመት ስለምትኖር፣ በ2023 ናይጄሪያ ኃይሉን ባቋረጠችባት ጊዜ በጨለማ ተዋጠች። አባቶቻችን «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ኒጀር ለእኛ ለሙስሊሞች የሩቅ አገር አይደለችም። ሕዝቧ በሙሉ ሊባል በሚችል ሁኔታ ሙስሊም ነው። ከአርሊት በስተ ደቡብ በምትገኘው ጥንታዊቷ አጋዴዝ፣ በ16ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ከጭቃ የተሠራው መስጊድ ከፍ ያለ ሚናራው ዛሬም ቆሞ አዛን ይሰማበታል። በዚያ ሚናራ ጥላ ሥር ስግደታቸውን የሚያደርሱ ወንድሞቻችን ናቸው ሀብታቸው በፊታቸው ሲጫን የኖረው። እኔ ግን ይህን የምጽፈው ለቅሶ ለመቀመጥ አይደለም። ለቅሶ ቀላል ነው፤ «ነጮች ዘረፉን» ብሎ ተክዞ ወደ ቤት መግባትም ቀላል ነው። ከበድ የሚለው ከዚህ ጉዳይ ሥር ያለውን የሥነ ምግባር ጥያቄ አንስቶ እስከ መጨረሻው መከተል ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፦ የአንድ አገር መሪ ፈርሞ የሰጠው ሀብት፣ ፊርማው ስላለበት ብቻ ለወሳጁ ሐላል ይሆናልን?

ጥያቄውን ያነሳልኝ የንግድ ሕግ የሚያውቅ አንድ ወዳጄ ነው። ስለ ኒጀር ስናወራ ቆይተን እንዲህ አለኝ፦ «አንተ ዝርፊያ ትለዋለህ። ዘራፊ ግን ውል አይዝም። እነዚህ ኩባንያዎች ውል ይዘዋል። የኒጀር መሪዎች ራሳቸው ተቀምጠው ተደራድረው ፈርመዋል፤ መንግሥቱም በኩባንያዎቹ ውስጥ ድርሻ አለው። ደግሞስ ቁርኣን ለውላችን እንድንታመን አላዘዘንም ወይ? ዛሬ ዋጋው ስላልጣመን ውሉን ሐራም ካልነው፣ ነገ በመርካቶ ማን ከማን ጋር ይገበያያል?»

ይህ ክርክር በሳቅ የሚታለፍ አይደለም። እስልምና የውል ሃይማኖት ነው። ነጋዴ የነበሩት ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከሁደይቢያ ስምምነት በኋላ እንኳ፣ ለባልደረቦቻቸው መራራ የነበረውን ቃል ጠብቀዋል። ዓይኑን ገልጦ የራሱን በሬ በርካሽ የሸጠ ሰው፣ ዋጋው ስለ ቆጨው ብቻ ከገዢው እጅ ሊነጥቅ አይችልም። እስከዚህ ድረስ ወዳጄ ትክክል ነው። ስህተቱ ያለው «የራሱን» በሚለው ቃል ላይ ነው። የኒጀር መሪ የፈረመው የራሱን በሬ ነበርን?

በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ የሐዲስ ስብስቦች ውስጥ የሚገኝ አንድ ታሪክ አለ። አብየድ ኢብን ሐማል የተባለ የየመን ሰው ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥቶ በማሪብ የሚገኝን የጨው ማዕድን እንዲሰጡት ጠየቃቸው፤ እርሳቸውም ሰጡት። ሰውዬው ፊቱን አዙሮ ከሄደ በኋላ ከተቀመጡት አንዱ፣ የሰጡት ነገር እንደማይቋረጥ ውሃ ያለ፣ ሰው ሁሉ የሚቀዳው ሀብት መሆኑን ነገራቸው። በዚህ ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰጡትን መልሰው ወሰዱ። ልብ በሉ፤ ስጦታው ተፈጽሞ ነበር። ሰጪውም የአላህ መልእክተኛ ነበሩ። ሆኖም የነገሩ እውነተኛ ባሕርይ ሲታወቅ፣ የብዙኃኑ ሐቅ ከተፈጸመው ስጦታ በላይ ሆነ። የፊቅህ ሊቃውንት ከዚህ ሐዲስ ተነሥተው ስለ ማዕድን ብዙ ጽፈዋል። በሻፊዒዮችና በሐንበሊዮች ዘንድ ያለ ድካም የሚገኝ ግልጽ ማዕድን ለአንድ ሰው ተለይቶ አይሰጥም። በምዕራብ አፍሪካና በኒጀር በሚሠራበት በማሊኪ መዝሀብ የታወቀው አቋም ደግሞ፣ ማዕድን በጥልቅ ተቀብሮም ቢገኝ ጉዳዩ የሚመለከተው መሪውን ነው፤ ያውም ለራሱ ሳይሆን ለሙስሊሞች ጥቅም እንዲያውለው ነው የሚል ነው።

እንግዲህ መሪው የማዕድኑ ባለቤት አይደለም፤ አደራ ጠባቂ ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ራሳቸውን በሕዝብ ገንዘብ ላይ እንደ የቲም አሳዳጊ ያዩ እንደነበር ተዘግቧል። ይህ ለስብከት ብቻ የሚሆን ውብ ምሳሌ አይደለም፤ ሕግም ሆኗል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በዑስማኒያ መንግሥት የተጠናቀረው አል-መጀላ የተባለው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ356ኛው አንቀጹ አንድ ትልቅ ልዩነት ያስቀምጣል። በሁለት ባለንብረቶች መካከል በተደረገ ሽያጭ፣ ማታለል ከሌለበት፣ ዋጋው መጉደሉ ብቻውን ውሉን አያፈርስም። ንብረቱ የየቲም፣ የወቅፍ ወይም የበይተል ማል ከሆነ ግን ማታለል ባይኖርበትም እንኳ፣ ዋጋው ከመጠን በላይ ከጎደለ ሽያጩ አይጸናም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የቲሙ በድርድሩ ላይ አልተቀመጠም፤ አሳዳጊው ለሸጠበት ጉድለት እርሱ ፈቃዱን አልሰጠም። ለወዳጄ የምሰጠው መልስ ይኸው ነው። ውል ይከበራል። የአደራ ጠባቂ ፊርማ ግን የባለቤት ፊርማ አይደለም።

አሁን ወደ ኒጀር እንመለስና በዚህ ሚዛን እንመዝነው። ኒጀር ነጻ የወጣችው ነሐሴ 3 ቀን 1960 ነው። አንድ ዓመት ሳይሞላት፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1961፣ ከአይቮሪ ኮስትና ከዳሆሜ (የዛሬዋ ቤኒን) ጋር ሆና ከፈረንሳይ ጋር የመከላከያ ስምምነት ፈረመች። በስምምነቱ ላይ ስለ «ስትራቴጂያዊ ጥሬ ዕቃዎች» የሚናገር አባሪ ነበረበት። ዩራኒየም በስም ተጠቅሷል፤ ከአገር ውስጥ ፍላጎት የተረፈውን ለፈረንሳይ በቅድሚያ ማቅረብም ተደንግጓል። ጦር ሠራዊቷ፣ የገንዘብ ኖቷና የበጀት ድጎማዋ በአንድ እጅ የተያዘ አዲስ መንግሥት፣ ከዚያው እጅ ጋር ስለ ዋጋ ሲደራደር፣ ይህ በገበያ ውስጥ የሚገናኙ የገዢና የሻጭ ድርድር ነውን? እኔ የማውቀው ገበያ ሻጩ «አልሸጥም» ብሎ ዕቃውን ይዞ ወደ ቤቱ ሊመለስ የሚችልበትን ነው።

ፕሬዚዳንት ሃማኒ ዲዮሪ በግንቦት 1963 እዚሁ አዲስ አበባ መጥተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር ከፈረሙት መሪዎች አንዱ ነበሩ። ያ ጉባኤ ከመደረጉ ከጥቂት ወራት በፊት፣ በታኅሣሥ 1962፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሕዝቦች በተፈጥሮ ሀብታቸው ላይ ዘላቂ ሉዓላዊነት እንዳላቸው ወስኖ ነበር። ዲዮሪ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አገራቸውን ድርቅ ሲያደቃት፣ የነዳጅ ዋጋም በዓለም ላይ ሲንር፣ የዩራኒየሙ ዋጋ ከፍ እንዲል ከፈረንሳይ ጋር ድርድር ገቡ። ድርድሩ ሳይቋጭ ሚያዝያ 15 ቀን 1974 በመፈንቅለ መንግሥት ወረዱ። ሁለቱን ነገሮች የሚያያይዙ ሰዎች ብዙ ናቸው። ለእኔ ክርክር ግን ሴራ መፈለግ አያስፈልግም። በግልጽ የተጻፈው ይበቃል። ኩባንያው ለመንግሥት የሚከፍለው የማዕድን ግብር ከዋጋው 5.5 በመቶ ብቻ ሆኖ ለረጅም ዓመታት ቆየ። በ2006 የወጣው ሕግ እስከ 12 በመቶ ሊያደርሰው ቢልም፣ ኩባንያው በዚህ ሕግ ለመተዳደር የተስማማው ከብዙ ውዝግብ በኋላ በ2014 ነው።

«ታዲያ ኩባንያው ሆስፒታል አልሠራም? ለሺዎች ሥራ አልሰጠም? ግብር አልከፈለም?» ይባላል። አዎን፤ ሠርቷል፣ ሰጥቷል፣ ከፍሏል። ሐቅን መካድ ለእኛ አይፈቀድም። ነገር ግን ሚዛን ሁለት ሰሃን አለው፤ በሌላኛው ሰሃን ላይ የተቀመጠውንም ማየት አለብን።

ከአንድ ቶን ድንጋይ የሚገኘው ዩራኒየም ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው። የተቀረው ተፈጭቶ፣ በአሲድ ታጥቦ፣ እዚያው ይደፋል። ዩራኒየሙ ቢወጣም ከማዕድኑ ጨረር ወደ 85 በመቶ የሚጠጋው በዚህ ተረፈ ምርት ውስጥ ይቀራል። ኮሚናክ በመጋቢት 2021 ሥራውን ሲያቆም፣ 75,000 ቶን ያህል ዩራኒየም ወጥቶ ሄዷል። ወደ 20 ሚሊዮን ቶን የሚሆን ጨረር ያለበት ተረፈ ምርት ደግሞ በአኮካን መንደር አጠገብ ተከምሮ ቀርቷል። በክምሩ ውስጥ ካሉት ንጥረ ነገሮች አንዱ ራዲየም ነው። ኃይሉ በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ዓመት ይፈልጋል። ቶሪየም የተባለው ሌላው ደግሞ 75,000 ዓመት ገደማ። የውሉ ዘመን በአሥርታት ይቆጠራል፤ የክምሩ ዘመን ግን የሰው ልጅ ታሪክ ከሚቆጠርበትም በላይ ነው።

ክሪራድ የተባለው ፈረንሳዊ ነጻ የጨረር መርማሪ ተቋም፣ አጊሪንማን ከተባለው የአርሊት ነዋሪዎች ማኅበር ጋር ሆኖ ከ2003 ጀምሮ ያደረገው ምርመራ ብዙ ነገር ገልጧል። ከማዕድኑ የወጣ ቁርጥራጭ ብረት፣ ልክ እኛ ምናለሽ ተራ እንደምናየው፣ ጨረሩን እንደያዘ በገበያ ሲሸጥ ተገኝቷል። በ2007 ደግሞ የአኮካን መንገዶች ጨረር ባለው የማዕድን ድንጋይ ተደልድለው ተገኝተዋል። ኩባንያው ድንጋዩን ያስነሳው ይህ ከተጋለጠ በኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሠሩ ሰዎች ስለ ጨረሩ ሳይነገራቸው፣ በቂ መከላከያ ሳይሰጣቸው በአቧራው ውስጥ መዋላቸውን፣ በአቧራ የተሞላ ልብሳቸውንም ይዘው ወደ ልጆቻቸው መግባታቸውን መስክረዋል። ማሽኖቹ የሚጠቀሙበት ውሃም የበረሃ ዝናብ የማይተካው፣ ከጥንት ጀምሮ በከርሰ ምድር የተጠራቀመ ውሃ ነው። ለአርብቶ አደሩ ውሃ ምን ማለት እንደሆነ ለአፋርና ለሶማሌ ወንድሞቻችን መንገር አያስፈልግም።

ኩባንያው የጨረሩ መጠን ከተፈቀደው በላይ እንዳልሆነ፣ በሠራተኞቹም ላይ በሥራው ምክንያት የመጣ በሽታ እንዳልተረጋገጠ ሲናገር ኖሯል። እዚህ ላይ አንድ የማስረጃ ጥያቄ ይነሣል። ሐኪሙ የኩባንያው፣ ሆስፒታሉ የኩባንያው፣ መሣሪያው የኩባንያው በሆነበት በረሃ ውስጥ፣ የሳንባ በሽተኛው ሽማግሌ በሽታው ከማዕድኑ መምጣቱን በምን ያረጋግጥ? ሸሪዓ በዚህ ላይ ሁለት ትላልቅ መርሆዎች አሉት። አንደኛው፣ ራስንም ሌላውንም መጉዳት አይፈቀድም የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ትርፉን የሚወስድ ጉዳቱንም ይሸከማል የሚለው ነው። ትርፉ ወደ አንድ ወገን፣ ክምሩ ወደ ሌላ ወገን የሚሄድበት ውል፣ ፊርማው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ይህን መርሆ የገለበጠ ነው። በድርድሩ ላይ ያልነበረው የቲም ያኔ ያልተወለደው ትውልድ ነው፤ ክምሩን የሚወርሰውም እርሱ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተናገርኩት በውጭዎቹ ላይ ነው። ግን ሚዛንን እናክብር ካልን የአሳዳጊውንም ሒሳብ መክፈት ግድ ይላል። በ2006 የወጣው የኒጀር ሕግ ከማዕድን ገቢው 15 በመቶው ማዕድኑ ለሚወጣበት አካባቢ እንዲመለስ ያዝዛል። የአካባቢው ነዋሪዎች ግን ገንዘቡ አልደረሰንም እያሉ ሲጮኹ ኖረዋል። ይህን ያስቀረው ፓሪስ ያለ ሹም አይደለም፤ ከእነርሱ ጋር በአንድ ሰፍ የሚሰግድ የኒያሜ ሹም ነው። ከፈረንሳዮች ሌላ ገዢም መጥቶ ነበር። ቻይናውያን በአዜሊክ የራሳቸውን የዩራኒየም ማዕድን ከፍተው፣ ሠራተኞች ስለ አያያዛቸው ምሬት ሲያሰሙ ቆይተው፣ ሥራው በ2015 ቆመ። ገዢው ተለወጠ እንጂ ሚዛኑ አልተለወጠም።

በሐምሌ 2023 በኒጀር ወታደሮች ሥልጣን ያዙ። በሰኔ 2024 ኢሙራረን የተባለውን ግዙፍ የዩራኒየም ክምችት ፈቃድ ከፈረንሳዩ ኩባንያ ነጠቁ፤ በሰኔ 2025 ደግሞ ሶማይርን የመንግሥት ንብረት ማድረጋቸውን አወጁ። ኩባንያው ዓለም አቀፍ ክስ መሥርቷል። ከሩሲያ ጋርም የኑክሌር ትብብር ንግግር ተጀምሯል። ብዙ ወጣቶች ይህን ሰምተው ተደስተዋል፤ ደስታቸውም ይገባኛል። ሆኖም ሁለት ነገር ማለት እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ ለአንድ ሕዝብ ያለን ጥላቻ ፍትሕን እንድንተው ሊያደርገን አይገባም፤ ይህ የቁርኣን ትእዛዝ ነው። ባዕዱ በሐቅ ያወጣው ካፒታል ካለ ሒሳቡ ተሠርቶ ሊመለስለት ይገባል፤ ያጠፋው ካለም ሒሳቡ ተሠርቶ ሊከፍል ይገባል። የየቲም ጠበቃ ነኝ የሚል ሰው በዙልም አይካስም። ሁለተኛ፣ አሳዳጊው ንብረቱን ከመጥፎ ገዢ ማስመለሱ ለየቲሙ ደረሰ ማለት አይደለም። አዲሱ ውል ለሕዝብ ተነብቧልን? ከአዲሱ ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብ በየትኛው መዝገብ ይገባል? አኮካን አጠገብ ያለውን ክምር ማን ይሸፍነዋል? እነዚህ ጥያቄዎች በፈረንሳይኛ ሲጠየቁ ትክክል ሆነው፣ በሐውሳና በታማሸቅ ሲጠየቁ ክህደት ሊባሉ አይችሉም።

የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር በ1981 ሲጸድቅ፣ በ21ኛው አንቀጹ የተፈጥሮ ሀብት የሕዝቦች መሆኑን፣ ሀብቱ የተዘረፈበት ሕዝብም ንብረቱን የማስመለስና የመካስ መብት እንዳለው ደንግጓል። ቻርተሩ «መንግሥታት» ብቻ አላለም፤ «ሕዝቦች» አለ። የማሊኪ ሊቃውንት ከመቶዎች ዓመታት በፊት የደረሱበትም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ጽሑፉ አልጎደለንም። የጎደለን፣ የተጻፈውን በብዕሩ ጫፍ ላይ የሚያስታውስ ፈራሚ ነው።

ውድ አንባቢ ሆይ! እኔና አንተ የዩራኒየም ውል የምንፈርም ሰዎች አይደለንም። ነገር ግን በመካከላችን የቀበሌ ማኅተም የያዘ አለ፤ የመስጊድ ወቅፍ የሚያስተዳድር አለ፤ የሟች ወንድሙን ልጆች ሱቅ የሚጠብቅ አለ፤ የዕድርና የማኅበር ገንዘብ በስሙ የተቀመጠ አለ። በአገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል አባባል አለ። ይህን አባባል እየሳቅን የምንደጋግም ሰዎች የኒያሜን ሹም የምንወቅስበት አፍ ከወዴት እናመጣለን? በአርሊት በረሃ የተከመረው ክምር የተጀመረው በዶዘር አይደለም፤ ያልተጠየቀውን የቲም ረስቶ በፈረመ እጅ ነው። ያ እጅ ነጭም ሆነ ጥቁር፣ የውዱእ ውሃ የነካውም ሆነ ያልነካው፣ በቂያማ ቀን የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ነው።

ለወዳጄ ጥያቄ ያለኝ መልስ እንግዲህ ይህ ነው። የተፈረመ ሁሉ ሐላል አይደለም። ሐላል የሚሆነው ፈራሚው የማንን ንብረት እንደያዘ ሲያውቅ፣ ዋጋው ሳይጎድል፣ ጉዳቱም ትርፉን በወሰደው ትከሻ ላይ ሲያርፍ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በኒጀር ያሉ ወንድሞቻችንና እህቶቻችንን ሐቃቸውን የሚያገኙ ያድርጋቸው፤ እኛንም በእጃችን ያለውን አማና ለባለቤቱ የምናደርስ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።